ጥርስና ጎረቤት
(በጎተራ ሠፈር ምሳሌነት ስለ ቤተ ሰብ የጥርስ ጥበቃ የቀረበ ጥናት)

የጥርስ ሕመም እንደ ወባ ወይም እንደ ሳንባ ነቀርሳ አይፈራም። ስለዚህ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ የጥርስ ነገር የሚታሰበው ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣ ብቻ ነው። ያን ጊዜም የሚባለው «ንቀሉልኝና ልገላገል» ነው። ጥርሱ ይነቀላል፤ ሕመሙ ይረሳል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ የጎረቤቱ ጥርስ ተራ ይደርሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሰው ገና በጉልምስናው ቆሎ መቆርጠም ያቅተዋል፤ አፉን በእጁ ሳይሸፍን መሣቅም ይተዋል።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ. ኤ. አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጸው፥ በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የአፍና የጥርስ በሽታ አለባቸው፤ 2 ቢሊዮን ያህሉ ደግሞ ሕክምና ያላገኘ የተቦረቦረ ቋሚ ጥርስ አላቸው። ለዚህን ያህል ሕዝብ የሚበቃ የሐኪም ወንበር ከቶ ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነገር ማስረዳት ነው፤ ይኸውም ጥርስ በአብዛኛው የሚድነው ወይም የሚጠፋው በሐኪም ወንበር ላይ ሳይሆን በረከቦት ዙሪያ፥ በመኝታ ሰዓትና በጎረቤት መካከል መሆኑን ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው ጎተራን ነው። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከተሠራው የእህል ማከማቻ ሲሆን፥ ዛሬ ጎተራ ሲባል ለብዙ ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚታየው የመኪና ማሳለጫውና የኮንዶሚንየሙ ሕንጻዎች ናቸው። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቤተ ሰቦች ቡና ይጠራራሉ፥ ዕቁብ ይጥላሉ፥ በአንድ ዕድር ይቀብራሉ። ስለዚህ በትልቁ ከተማ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት ብንል አልተሳሳትንም። ስሙም ራሱ ትምህርት አለው። ጎተራ ያለው ገበሬ ነቀዝን የሚዋጋው እህሉ ከተበላ በኋላ አይደለም፤ እህሉ ሳይገባ አስቀድሞ ጎተራውን ይጠርጋል፥ ይለቀልቃል።

ሀ) ጥርስ እንዴት ይበላል?

አያቶቻችን የተቦረቦረ ጥርስ ሲያዩ «ትል በላው» ይሉ ነበር። ይህ እምነት በጥንቷ ባቢሎንም ነበረ፤ በአውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር እ. ኤ. አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ የትሉን ነገር ተቃወመ። ዊሎቢ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ በበርሊን ሲመራመር ቆይቶ እ. ኤ. አ. በ1890 እውነተኛውን ምክንያት በመጽሐፍ አቀረበ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአፋችን ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ባክቴሪያዎች ስኳርን ይመገባሉ፤ ተመግበውም አሲድ ይተፋሉ። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ የላይኛው ሽፋን ከአካላችን ሁሉ የጠነከረ ቢሆንም፥ የአሲዱ መለኪያ ከ5.5 በታች ሲወርድ ማዕድኑ መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ደግሞ አሲዱን ያበርዳል፤ የሟሟውንም ማዕድን በጥቂቱ ይመልሳል። እንግዲህ ጥርስ በየቀኑ የሚፈርስና የሚጠገን ግንብ ነው ማለት ነው። ማፍረሱ ከመጠገኑ ሲበልጥ ቀዳዳ ይከፈታል። አንድ ጊዜ የተቦረቦረ ኢናሜል ደግሞ እንደ ቆዳ ቁስል ጠግጎ አይተካም።

ለ) ሦስቱ ሲኒ

ሮበርት ስቴፈን የተባለ ተመራማሪ እ. ኤ. አ. በ1940ዎቹ ባቀረበው ጥናት፥ ስኳር ወደ አፍ በገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሲዱ እንደሚያይልና ወደ ቀድሞው ሁኔታ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ እንደሚወስድ አሳይቷል። ከዚህ የምንማረው ታላቅ ነገር ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ቡናችን እንመለስ። አቦል ይጠጣል፤ አሲዱ ይወርድና ምራቅ መጠገን ሲጀምር ቶና ይቀርባል፤ ያ ሳይበርድ ደግሞ በረካ ይከተላል። የቡናው ሥርዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ፥ ጥርሳችን ይህን ጊዜ ሁሉ በአሲድ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቆያል ማለት ነው።

ሒሳቡንም እንይ። የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በየሲኒው ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሰው በሦስቱ ሲኒ 24 ግራም ይወስዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ. ኤ. አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ50 ግራም ያህል እንዳያልፍ፥ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። እንግዲህ የጠዋቱ ቡና ብቻ የቀኑን ድርሻ ጨረሰው ማለት ነው፤ የከሰዓቱ ቡና፥ ሻይና ለስላሳ ገና አልተቈጠሩም።

«ታዲያ ቡና ይቅር?» የሚል ቢኖር፥ መልሳችን አይቅር ነው። ቡና የጎረቤት ሸንጎ ነው፤ የታመመ የሚጠየቅበት፥ የተጣላ የሚታረቅበት ነው። ጥፋቱም የቡናው አይደለም። በአገራችን ስኳር በፋብሪካ መመረት የጀመረው ወንጂ ላይ በ1946 ዓ. ም. ነው። ቡናው ግን ከዚያ አስቀድሞ የነበረ ነው፤ እስከ ዛሬም ድረስ በጨው የሚጠጡ፥ ጤና አዳም የሚያደርጉበት አካባቢዎች አሉ። ስለዚህ የባህል ጠባቂ ነኝ የሚል ሰው ስኳሩን ቢቀንስ ባህሉን አላፈረሰም። አቦሉ ላይ አንድ ማንኪያ፥ ቶናና በረካው ላይ ያለ ስኳር፥ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ መጉመጥመጥ፤ ይህን ያህል ብቻ ቢደረግ ትልቅ ለውጥ ነው።

ሐ) መፋቂያና ብሩሽ

መፋቂያ የድሀ ብሩሽ ነው እየተባለ ሊናቅ አይገባውም። የዓለም የጤና ድርጅት ራሱ እ. ኤ. አ. በ1986 በልማድ በሚታወቅባቸው አገሮች እንዲሠራበት አበረታቷል። የወይራ ወይም የክትክታ እንጨት ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲሆን የጥርስን ቆሻሻ ያነሣል። ነገር ግን በአጠቃቀማችን ሦስት ጉድለቶች ይታያሉ።

1ኛ/ በመፋቂያ የሚፋቀው በአብዛኛው በፊት ለፊት የሚታየው ጥርስ ነው። የሚበላው ግን በብዛት መንጋጋው ነውና የውስጡም የኋላውም ገጽ መዳረስ አለበት።

2ኛ/ በኃይል ወደ ጎን የሚፈገፍግ ሰው ድዱን ያሸሻል። የሚሻለው ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ በዝግታ መጥረግ ነው። ይህ ለብሩሽም ያው ነው።

3ኛ/ ብዙዎቻችን የምንፋቀው ጠዋት ብቻ ነው። ሆኖም በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርስ ያለ ጠባቂ ያድራል። ስለዚህ ከአንዱ መምረጥ ግድ ቢሆን የማታው ይበልጣል።

መፋቂያ የሌለው አንድ ነገር ደግሞ ፍሎራይድ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ኢናሜሉን አሲድ እንዲቋቋም ያጠነክረዋል። የጥርስ ሳሙና ስንገዛ ከ1000 እስከ 1500 የሚል የፍሎራይድ መጠን እንዳለበት በሽፋኑ ላይ ማንበብ ይገባል። ካጸዱም በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውሃ መጉመጥመጥ አያሻም፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳልና። ይህም ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት መልካም ዜና ነው፤ አንድ ብርጭቆ ይበቃል። ነገር ግን ሁሉም በልክ ነው። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ አያሌ የጉድጓድ ውሃዎች ፍሎራይዳቸው ከሚፈቀደው ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እጅግ ስለሚበልጥ፥ በዚያ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል። ስኳሩን የምናገኝበት የወንጂ አካባቢም በዚሁ ችግር ይታወቃል።

መ) የሕፃናት ጥርስ

«የወተት ጥርስ ነው፤ ይወልቃል» የሚለው አነጋገር ብዙ ልጅ ጎድቷል። የወተት ጥርስ 20 ሲሆን፥ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ይዞ የሚቆይ ነው። ያለ ጊዜው ከወጣ ቋሚው ጥርስ ተዛብቶ ይበቅላል። በተለይ እናቶች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ልጁ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተ ኋላ፥ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ይህ ቋሚ ጥርስ ነው፤ ቢበሰብስ ምትክ የለውም። የወተት ጥርስ መስሏቸው ቸል የሚሉት ወላጆች ብዙዎች ናቸው።

ሕፃን ስኳር ያለበት ጡጦ ይዞ እንዲተኛ ማድረግም የፊት ጥርሶቹን ገና ሳያድጉ ይጨርሳቸዋል። ከዚህ የባሰው ግን ግግ ማስወጣት ነው። ሕፃኑ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለው ጥርስ ከድዱ ውስጥ ተፈልቅቆ ይወጣል። ተቅማጡና ትኩሳቱ ሌላ ምክንያት አለው፤ ድዱን መቅደድ ግን ደም መፍሰስን፥ መንጋጋ ቆልፍንና ሌላ የደም ወለድ በሽታን ያመጣል፤ የቋሚውንም ጥርስ ቡቃያ ያበላሻል። በከተማ መኖር ከዚህ ልማድ አያድንም፤ ማወቅ ግን ያድናል።

ሠ) የመዘግየት ዋጋ

ጥርስ ሲያም ቅርንፉድ መንከስ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ አያድንም። ነጭ ሽንኩርት መወተፍ ድድን ያቃጥላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም እብጠቱን ለጥቂት ቀን ቢያስታግስ የበሽታውን ምንጭ አይነካም። «ጥርስ አይገድልም» የሚባለውም እውነት አይደለም። ከታችኛው መንጋጋ የሚነሣ ቁስል ወደ አንገት ወርዶ የመተንፈሻ ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል። ፊቱ ወይም አንገቱ ያበጠ፥ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ያቃተው፥ ትኩሳትም ያለው ሰው ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ታዲያ ሰዉ ለምን ይዘገያል? ምክንያቱ አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም ነው። ማስነቀል ከማስሞላት ይረክሳልና ድሀ ቤተ ሰብ ሊድን የሚችለውን ጥርስ ያስነቅላል። ይህን ለማቃለል መንገድ አለ። እ. ኤ. አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛንያ፥ ያለ ኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ በእጅ መሣሪያ ብቻ የበሰበሰውን ጠርጎ ጥርስን መሙላት ተጀመረ። የዓለም የጤና ድርጅትም እ. ኤ. አ. በ2021 ለዚህ የሚሆነውን መሙያና የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። እንዲህ ያለው ሕክምና በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ረ) ዕድር ለሞት ብቻ ነውን?

ሆኖም መንግሥት እስኪያደርስልን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም። ዕድር ወርኃዊ መዋጮ አለው፥ የአባላት መዝገብ አለው፥ ስብሰባ አለው፥ ከሁሉም በላይ መታመን አለው። በኤች አይ ቪ ዘመን አያሌ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ አስታመዋል፥ ወላጅ አልባ ልጆችን ረድተዋል። ይህን ያደረገ ማኅበር ለጥርስ አያንስም። እንደ ጎተራ ባለ ሠፈር የሚከተሉትን ማድረግ ይቻላል።

1ኛ/ በዓመት ሁለት ጊዜ በዕድሩ ስብሰባ ቀን የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችና ባለሙያዎች ተጋብዘው የአባላትንና የልጆችን አፍ እንዲመረምሩ፤

2ኛ/ ብሩሽና የፍሎራይድ ሳሙና በጅምላ ተገዝቶ ለአባላት በጅምላው ዋጋ እንዲዳረስ፤

3ኛ/ ጥርስ ለማስሞላት ለቸገረው አባል ከዕድሩ ገንዘብ በብድር እንዲሰጥ፥ ወይም ለዚሁ የሚሆን ትንሽ ዕቁብ እንዲጣል፤

4ኛ/ በየደረጃው ቡና የሚጠጡ እናቶች ስለ ሦስቱ ሲኒና ስለ 6 ዓመቱ መንጋጋ እንዲነጋገሩ። አንዲት እናት የተማረችው ነገር በሦስተኛው ቀን የሕንጻው ሁሉ ዕውቀት ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ግን ጎረቤት ሲኖር ነው። በ2017 ዓ. ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከካዛንቺስ የተነሡ ቤተ ሰቦች ወደ ልዩ ልዩ ሠፈር ሲሄዱ የረጅም ዘመን ጉርብትናም አብሮ ተበትኗል። አዲስ ቤት ቁልፍ በመስጠት ይገኛል፤ አዲስ ጎረቤት ግን ቡና በመጠራራትና ዕድር በማቋቋም እንጂ በሌላ አይገኝም። ስለዚህ የሠፈር ኑሮን መጠበቅ ራሱ የጤና ጥበቃ ሥራ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ወንድሞችና እህቶች፤ በ1957 ዓ. ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከእኛ በፊት በዚህ ግቢ የተማሩትን አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልካቸው ነበር። ከእኛ የሚፈለገው ያን ያህል እንኳ አይደለም። ከስድስት ኪሎ ጎተራ የግማሽ ቀን ጉዞ አይደለም፤ ከዚያም በፊት የየራሳችን ቤት አለ። በመጪው ዕረፍት ወደ ቤታችን ስንገባ የታናሽ ወንድማችንን ወይም የታናሽ እኅታችንን አፍ ከፍተን ከኋላ ያለውን መንጋጋ እንመልከት፤ እናታችንንም በረካው ላይ ስኳር እንዳይደረግ እንለምናት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር የተነገረው ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነውና።