አንደበት ሲታሰር፣ ሸክም ሲከብድ
ከሙሴ ሕይወት የተወሰደ የቡድን ጥናት

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘጸ. 2፥11-17፤ 3፥1 እስከ 4፥17፤ 17፥8-13፤ 18፥13-26፤ የሐዋ. 7፥20-30

ዓይን አፋርነት የልጅነት ጠባይ ነው፣ ሰው ሲበስል ይተወዋል ይባላል። በየአጥቢያውና በየልማት ጣቢያው ስንዘዋወር ግን የዚህን ተቃራኒ እናያለን። በወጣትነታቸው በጉባኤ ፊት ቆመው ይመሰክሩ የነበሩ፣ ገበሬውን በዛፍ ጥላ ሥር ሰብስበው ያስተምሩ የነበሩ ወንድሞችና እኅቶች ዕድሜያቸው ሃምሳን ሲያልፍ ወደ ኋላ ወንበር ይሸሻሉ። ሐሳብ ሲጠየቁ «ወጣቶቹ ይናገሩ» ይላሉ። እኛም «ትሑት ሰው ናቸው» ብለን እናልፋለን።

አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ትሕትና ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከዝምታው በስተጀርባ የሥራና የጤና ጭንቀት አለ። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ ገና ወጣት ሳሉ በእህል ማደያ ጣቢያዎች ሥራ የጀመሩ ወገኖቻችን ዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ጡረታ ደርሷል፤ ጉልበት ቀንሷል፤ ሪፖርቱ በኮምፒዩተር ሆኗል። እነዚህ ሰዎች ዝም ሲሉ የሚጎዱት ራሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ቤተ ክርስቲያንና የምታገለግለው ሕዝብም ይጎዳሉ። ስለዚህ በዚህ እትም የሙሴን ሕይወት አብረን እንድናጠና እንጋብዛችኋለን።

1. ደፋሩ ሰው ለምን ፈራ?

እስጢፋኖስ ስለ ሙሴ ሲናገር፣ አርባ ዓመት ሳይሞላው በግብፅ ሳለ በንግግሩም በሥራውም ብርቱ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ለተገፋው ወገኑ የተቆረቆረ፣ በምድያም የውኃ ጉድጓድ አጠገብም ሴቶቹን ከእረኞች ያስጣለ ሰው ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ በኮሬብ ተራራ እግዚአብሔር ሲጠራው ግን ደጋግሞ ምክንያት ያቀርባል። ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ አያምኑኝም ብሎ ይሠጋል፤ አንደበቱም የማይፈታ መሆኑን ያመለክታል፤ በመጨረሻም ሌላ ሰው እንዲላክ ይለምናል። በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ ዕድሜው 80 ነበር (ዘጸ. 7፥7)።

በመካከሉ ምን ሆነ? ከንባቡ ሦስት ነገሮችን እናስተውላለን። አንደኛ፣ የገዛ ወገኑ በሰው ፊት አዋርዶታል፤ ማን ሾመህ ተብሏል። ሁለተኛ፣ በምድረ በዳ ከበጎች ጋር አርባ ዓመት ሲኖር ከቤተ መንግሥቱ ንግግርና ሥርዓት ርቋል። ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ የሚጠብቀው መንጋ የራሱ ሳይሆን የአማቱ ነበር (3፥1)። ያለፈ ውርደት፣ የዘመን መለወጥ፣ የኑሮ አለመደላደል፦ እነዚህ ሦስቱ ዛሬም የሰውን አንደበት ያስራሉ። አንድ ጊዜ በስብሰባ የተዘለፈ ሠራተኛ ሁለተኛ እጁን አያወጣም። ሪፖርት በእንግሊዝኛ መጻፍ የጨነቀው አዛውንት፣ የሚያውቀውን እንኳ በአማርኛ ለመናገር ያፍራል።

2. እግዚአብሔር እንዴት መለሰለት?

እግዚአብሔር ሙሴን «አንተ ጎበዝ ነህ» ብሎ አላሞካሸውም። በመጀመሪያ ከእርሱ ጋር እንደሚሆን ተስፋ ሰጠው። ቀጥሎ በእጁ ስላለው ነገር ጠየቀው። በእጁ የነበረው የእረኛ በትር ነው፤ በምድረ በዳ የያዘው መሣሪያ ለተልእኮው ዋለ። በመጨረሻም በሦስት ዓመት የሚበልጠውን ወንድሙን አሮንን ሰጠው። አሮን ሊገናኘው ከወዲሁ መንገድ ጀምሮ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ሙሴ እስከ መጨረሻው እንቢ ባለ ጊዜ እግዚአብሔር ተቆጣ። እንግዲህ ዓይን አፋርነት በራሱ ኃጢአት ባይሆንም፣ የተሰጠንን አደራ የሚያስጥለን ከሆነ አለመታዘዝ ይሆናል።

ይህ በልማት ሥራ ምን ማለት እንደ ሆነ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። የእርዳታ እህል ተቀባዮች ስም ሲመዘገብ፣ ችግሩ የባሰበት ቤተሰብ አንዳንድ ጊዜ በይሉኝታ አይመጣም። ባሏ የሞተባት እናት ጎረቤት እንዳያውቅባት ባዶ ድስት ጥዳ ጭስ ታስነሣለች። ይህን የሚያውቀው በዚያ ቀበሌ ሃያ ዓመት የተመላለሰው አዛውንት ሠራተኛ ነው። ምንጩ በበጋ የሚደርቅበትን ወር፣ በየትኛው ማሳ ላይ እርከኑ በጎርፍ እንደ ተወሰደም ያውቃል። ይህ እውቀት የእርሱ በትር ነው። በስብሰባው ዝም ካለ ዝርዝሩ በትክክል የተጻፈ ይመስላል፤ ያቺ እናት ግን አትኖርበትም።

3. ስለ ሥራ ጭንቀት

በዘጸአት 18 ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ እናያለን። አማቱ ዮቶር አይቶ፣ ይህ አሠራር እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነገረው። የሰጠው ምክርም ተግባራዊ ነው፦ ሕዝቡን አስተምር፣ የታመኑ ሰዎችን ምረጥ፣ ቀላሉን እነርሱ ይፍረዱ፣ ከባዱ ወደ አንተ ይምጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

ከዚህ በመነሣት ለሠራተኞች የሚከተለውን እንመክራለን።

ሀ) የሚያስጨንቅህን ሥራ በወረቀት ጻፈው። «ሥራው ከበደኝ» ከማለት «የወር መጨረሻው ሂሳብ ከበደኝ» ማለት መፍትሔ ያስገኛል።

ለ) ከስብሰባ በፊት የምትናገረውን አንድ ነገር አዘጋጅ፤ መጀመሪያ አካባቢም ተናገር። በቆየህ ቁጥር ፍርሃቱ ይጨምራል።

ሐ) ከወጣት ባልደረባ ጋር ሁለት ሆናችሁ ሥሩ። እርሱ ኮምፒዩተሩን ያሳይህ፣ አንተ መንደሩን አሳየው።

መ) የጡረታ ጉዳይህን ስድሳ ዓመት ሳይሞላህ አጣራ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነበር። መዋጮህ ገቢ መሆኑን፣ የቅጥር ደብዳቤህና የልደት ዘመንህ በትክክል መመዝገባቸውን ከአስተዳደር ክፍሉ ጠይቅ። በሃይማኖት ድርጅት የምትሠራ ከሆንህ ሽፋኑ የሚመለከትህ መሆኑን አረጋግጥ።

4. ስለ ጤና ጭንቀት

በራፊድም ጦርነት የሙሴ እጆች ዛሉ። ድካሙን አልደበቀም፤ ድንጋይ አመጡለት፣ ተቀመጠ፣ አሮንና ሆር ግራና ቀኝ ደገፉት፣ ኢያሱም ድል አደረገ። በእኛ መካከል ግን ብዙዎች «ታማሚ ነው ተብዬ ከሥራ እወጣለሁ» በማለት ይደብቃሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ከሰው መሸሽ አንዳንዴ ከሥጋ ሕመም ይመጣል። ጆሮው የደከመ ሰው ጥያቄውን በሚገባ ስለማይሰማ፣ ተሳስቼ እመልሳለሁ ብሎ ዝም ይላል። ምክንያቱ የጆሮ ኩክ መደፈን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በጤና ጣቢያ ይጠረጋል እንጂ በእንጨት አይጎረጎርም። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ጽሑፍ ማንበብ ማስቸገሩ የተለመደ ነው፤ መነጽር ይረዳል። የዓይን ሞራም በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። መጽሐፍ ቅዱስ በጉባኤ ለማንበብ እንቢ ያለው ሽማግሌ ምናልባት የሚያሳፍረው ፊደሉ አለመታየቱ ነው።

የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ስለሌለው ካልተለካ አይታወቅም። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ክትትል ያስፈልጋል። ብዙ የውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ድካም የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። እንቅልፍ ማጣትና የሥራ ፍላጎት መጥፋት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ይህም ለጤና ባለሙያ የሚነገር ሕመም ነው። የታዘዘን መድኃኒት «ተጸልዮልኛል» ብሎ ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ አደጋ ያመጣል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጸልዮለታል፤ ስለ ሆዱ ሕመምም ምክር ሰጥቶታል (1 ጢሞ. 5፥23)። ባልደረባው ሉቃስም ሐኪም ነበር (ቆላ. 4፥14)።

5. የጉባኤውና የሥራ ኃላፊው ድርሻ

አሮን ሙሴን ሊገናኘው ወጣ እንጂ ሙሴ እስኪመጣ ቤቱ አልጠበቀም። እኛም ዝም ያለውን ወንድም ወይም ዝም ያለችውን እኅት «ለምን አትናገሩም?» ብለን በሰው ፊት ከመጠየቅ፣ ቤታቸው ሄደን ቡና እየጠጣን እንጠይቅ። ኃላፊዎች ሠራተኛን በስብሰባ ፊት አይዝለፉ፤ ጥፋት ካለ ለብቻ ይነገር። የሠራተኛ ሕመም ምሥጢር ይጠበቅ። ዓመታዊ ምርመራም ለሁሉም ይደረግ፤ ሁሉም ከተመረመረ ማንም አያፍርም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በትሕትናና በዓይን አፋርነት መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? (ዘኍ. 12፥3ን ተመልከቱ።)
2. የሙሴን አንደበት ካሰሩት ሦስት ነገሮች በአካባቢያችሁ የሚበዛው የቱ ነው?
3. በአጥቢያችሁ ቀድሞ ይናገር የነበረ፣ ዛሬ ግን ዝም ያለ ሰው አለ? በዚህ ሳምንት ማን ይጠይቀዋል?
4. በእጃችሁ ያለው «በትር» ምንድር ነው?
5. በጣቢያችሁ አንድ ሰው ብቻውን የተሸከመው ሥራ አለ? እንዴት ይከፈል?

የጸሎት ርእስ

ጡረታ ስለቀረበባቸው ሠራተኞች፣ ሕመማቸውን በይሉኝታ ስለሸሸጉ ወገኖች፣ በየዝርዝሩ ስማቸው ስላልተጻፈ ችግረኞች እንጸልይ። እግዚአብሔር እንደ አሮንና እንደ ሆር የደከመውን እጅ የምንደግፍ ያድርገን። አሜን።