በጎ ፈቃደኛ ማነው?

«በጎ ፈቃደኛ» የሚለውን ቃል በሬዲዮም በስብሰባም ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን። ቃሉ የሁለት ቃላት ጥምር ነው። በጎ ማለት መልካም፣ ደግ ማለት ነው። ፈቃድ ግን ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ሌላ ሰው የሚሰጠን ነው፤ የንግድ ፈቃድ፣ የአደን ፈቃድ እንደምንለው። ሁለተኛው ከገዛ ልባችን የሚመነጭ መውደድ ነው። ቃሉ ከግእዝ የመጣ ሲሆን፣ በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው። እንግዲህ በጎ ፈቃደኛ የምንለው ማንም ሳያዘው፣ ዋጋም ሳይጠይቅ፣ ወዶና ፈቅዶ ሌላውን የሚያገለግል ሰው ነው።

ቃሉ አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለገበሬ አዲስ አይደለም። ሌሊት ምጥ የጠናባትን ሴት በወሳንሳ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ጎረምሳ ደመወዝ የለውም። ወሳንሳውን አራት ሰው ያነሣዋል። መንገዱ ሩቅ ሲሆን ግን እየተቀባበሉ የሚሸከሙ ስምንትም፣ አሥራ ሁለትም ሰዎች ያስፈልጋሉ። ዳገት አለ፣ ጭቃ አለ፣ የሞላ ወንዝ አለ። እነዚህ ሰዎች በማግሥቱ እርሻ ይጠብቃቸዋል። ሆኖም ተጠርቶ «አልነሣም» የሚል ጥቂት ነው። ሴቶቹንም አንርሳ። የአራሷን ገንፎ የምታገነፋው፣ ውሃ የምትቀዳላት፣ ትልልቆቹን ልጆች ወደ ቤቷ ወስዳ የምታሳድረው ጎረቤት ስሟ በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። ወንዶች ስንሠራ «አገልግሎት» ይባላል፤ ሴቶች ሲሠሩ ግን እንደ ተራ ነገር ይታለፋል። ይህ ትክክል አይደለም።

ታዲያ ወንፈልና ደቦ በጎ ፈቃድ ናቸው? እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። ወንፈል ብድር ነው። ዛሬ እናንተ ለእኛ ጤፍ ብታጭዱልን፣ ነገ እኛ የእናንተን እናጭዳለን። ቀን በቀን፣ ጥማድ በጥማድ ይመለሳል። ሳይመልስ የቀረ ሰው ይታማል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጠርቶ የሚመጣለት አያገኝም። በደቦም ቢሆን ባለቤቱ ጠላውንና እንጀራውን ያሰናዳል። ሁለቱም ጥሩ ልማዶች ናቸው። ነገር ግን ወንፈል የሚገባው የሚመልሰው ያለው ሰው ነው። በሬ የሌላት፣ ልጆቿ ለሥራ ያልደረሱላት መበለት ምን ትመልሳለች? መንደሩ ተነሥቶ ጠላ ሳይጠብቅ የእርሷን ማሳ ሲያርስላት ነው ነገሩ ከወንፈል አልፎ በጎ ፈቃድ የሚሆነው። ሥራው ያው እርሻ ነው። ልዩነቱ ብድሩ የማይመለስ መሆኑ ነው።

ሌላም መለየት ያለብን ነገር አለ። ሰው ተገድዶ የሠራው ሥራ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ በጎ ፈቃድ ግን አይባልም። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ፣ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር እንዲወጡ ተጠሩ። ዘመቻው ግዴታ ነበር። ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠልም ሥራ መያዝም እንዳይችል ተደነገገ። ከዘማቾቹ መካከል ገበሬውን ከልባቸው ወደው ያገለገሉ ነበሩ፤ ተገድደው የሄዱም ነበሩ። ቀጥሎ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በዚህ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ማስተማር ተችሎ ነበር። በዓመቱም ዘመቻው ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። በዚያም ዘመን ትእዛዝና ውዴታ ተደባልቀው ነበር። ፊደል የቆጠረው አባት ያስተማረውን ልጅ ሲያስታውስ ግን ልዩነቱን አይስተውም። ሰዓቱን ቆጥሮ የሄደው ሌላ ነው፤ ከትምህርቱ በኋላ «ይህችን ፊደል ገና አልያዝካትም» ብሎ በፋኖስ አብሮት ያመሸው ደግሞ ሌላ ነው።

ዛሬም ቢሆን ሰው በቅጣት እየተሰበሰበ፣ የቀረው እየተመዘገበ የሚሠራ ሥራ አለ። እርከንም ይሁን መንገድ፣ ሥራው ለአገር የሚበጅ ከሆነ በግዴታ መሠራቱን ሕዝብ ተወያይቶ ሊስማማበት ይችላል። ስሙን ግን በስሙ እንጥራው። ግዴታን በጎ ፈቃድ ብንለው፣ እውነተኛው በጎ ፈቃደኛ ይረክሳል፤ ሰውም ቃሉን በሰማ ቁጥር ይሸሻል።

አሁን አንድ ምሳሌ ዘርዘር አድርገን እንይ። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በፍጥነት በሚወርዱ ወንዞች አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ጥቁር ዝንብ ትራባለች። ይህች ዝንብ ስትነክስ በዓይን የማይታይ ትል ከሰው ወደ ሰው ታስተላልፋለች። በሽታው ቆዳን ያሳክካል፣ ያጠወልጋል፤ በመጨረሻም ዓይንን ያሳውራል። የሐኪሞቹ ስም ኦንኮሰርካያሲስ ይባላል። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው። የመድኃኒቱ ፋብሪካ በ1980 ዓ.ም. አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ ያለ ዋጋ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። እንግዲህ መድኃኒቱ በነፃ ተገኘ። ነገር ግን ወንዝ ተሻግሮ፣ ገደል ወጥቶ በየደጁ ማን ያድርሰው? ለዚህ ሁሉ መንደር ሐኪም ከየት ይምጣ?

መልሱ ቀላል ሆነ። መንደሩ ራሱ ሰው ይምረጥ ተባለ። የተመረጠው ሰው ጥቂት ቀን ይሠለጥናል። መድኃኒቱ የሚታደለው በቁመት ነው፤ ስለዚህ ሚዛን አያስፈልግም። ምልክት የተደረገበት አንድ ዘንግ ይበቃል። ቁመቱ ከ90 ሳንቲሜትር በታች የሆነ ሕፃን አይወስድም። ከ90 እስከ 119 ለሆነ አንድ ፍሬ፣ ከ120 እስከ 140 ሁለት፣ ከ141 እስከ 158 ሦስት፣ ከዚያ በላይ ለሆነ አራት ፍሬ ይሰጣል። ነፍሰ ጡር፣ ከወለደች ሳምንት ያልሞላት እናትና ሕመም የጠናበት ሰው አይወስዱም። አዳዩ ይህን ለይቶ ማወቅ አለበት። የቤተሰቡን ስምና የሰጠውን ፍሬ ብዛትም በመዝገብ ይጽፋል። ይህን ልብ በሉልን። ስም መጻፍና ቁጥር ማንበብ የሚችል ገበሬ ይህን ሥራ መሥራት ይችላል። ዶክተር መሆን አያስፈልገውም።

ችግሩ ሥራው በአንድ ጊዜ አለማለቁ ነው። መድኃኒቱ ትንንሾቹን ትሎች ይገድላል፤ ትልልቆቹ ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት በሰው ሰውነት ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህ እደላው በየዓመቱ፣ በአንዳንድ ቦታም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለብዙ ዓመታት መቀጠል አለበት። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ያመሰግናል። በአምስተኛው ዓመት የሚያሳክክ ነገር ሲጠፋ፣ «አሁን ምን ያደርግልኛል» የሚል ይመጣል። አዳዩ ሲመጣ ሰውየው ገበያ ሄዷል፤ ሲመለስ ማሳ ወርዷል። አዳዩ ሦስቴ ይመላለሳል። አንዳንዱም «ቢከፈለው ነው እንጂ እንዲህ አይለፋም» ብሎ ያማዋል። በዚህ መሀል የአዳዩ የራሱ አረም ይበቅላል።

እንግዲህ በጎ ፈቃደኛ የሚደክመው በሥራው ብቻ አይደለም፤ በሐሜትና ብቻውን በመቅረትም ነው። መድኃኒቱ በሚታደልበት በኡጋንዳ ነገሩ ተጠንቶ ነበር። አንድ ሰው ሰፊ አገር እንዲያዳርስ ከማድረግ ይልቅ፣ እያንዳንዱ ጎጥና ዘመዳማች ከመካከሉ የራሱን አዳይ ሲመርጥ ሥራው እንደሚቀና ታየ። አዳዩ ሩቅ አይሄድም፤ የሚያድለውም ለሚያውቃቸው ሰዎች ነው። ሴቶችም በቀላሉ ሊመረጡ ይችላሉ። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ አዳዩ በሚዞርበት ሰሞን ጎረቤቶቹ የእርሱን ማሳ ቢያርሙለት፣ ወንፈሉና በጎ ፈቃዱ ተጋገዙ ማለት ነው።

የሰው ጉልበት ወሰን እንዳለውም እንወቅ። ዓመቱን ሙሉ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሥራ ደመወዝ ሊኖረው ይገባል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደመወዝተኞች የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። በጎ ፈቃደኛ አለ ተብሎ ጤና ጣቢያው ያለ ነርስ፣ ትምህርት ቤቱ ያለ መምህር መቅረት የለበትም።

ከሁሉም ነገር አብልጠው የሰጡ ሰዎችም አሉ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ፣ በረሃብ በተጎዳው በወሎ ምድር፣ የሞተች እናቱን ታቅፎ የቀረ ሕፃን አገኙ። ሕፃኑንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው ትዳሩን ወይም ልጆቹን ምረጪ ሲሏቸው ልጆቹን መረጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ለብዙ ሺህ ሰዎች መጠጊያ ሆነዋል። ሁላችንም እንደ እርሳቸው እንሁን ማለት ይከብዳል። ከእኛ የሚጠበቀው ብዙ ጊዜ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ለምሳሌ ደም። በአገራችን በወሊድ ጊዜ እናቶችን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው የደም መፍሰስ ነው። ወሳንሳውን የተሸከሙት ሰዎች ሌሊቱን ሲገሰግሱ አድረው ሆስፒታል ቢያደርሷትም፣ ደም ከሌለ ልፋታቸው ከንቱ ሊሆን ይችላል። የአዋቂ ሰው ሰውነት አምስት ሊትር ያህል ደም አለው። በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ግማሽ ሊትር አይሞላም። ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ከመስጠቱ በፊት ይመረመራል፤ ደሙ ያነሰ ከሆነ አይወሰድበትም። ሰውነቱም የሰጠውን በጥቂት ሳምንታት ይተካል። የተቀዳው ደም ግን በማቀዝቀዣ ውስጥ ከአምስት ሳምንት ብዙም አይቆይም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሰጪ ያስፈልጋል።

ቀድሞ ደም የሚሰጠው በአብዛኛው የታማሚው ዘመድ ነበር። ዘመድ በጭንቅ ሰዓት ሲጠየቅ እንቢ ማለት አይችልም፤ የራሱ ሕመም ቢኖርም ሊደብቀው ይችላል። ለገንዘብ ሲል የሚሰጥም እንዲሁ ይደብቃል። ወዶ የሚሰጥ ግን የሚደብቀው ነገር የለውም። «ዘንድሮ ወባ ይዞኝ ነበር» ብሎ በግልጽ ይናገራል። ሐኪሞች የበጎ ፈቃደኛን ደም የሚመርጡት ለዚህ ነው።

አሁን መጽሐፉን ዘግታችሁ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩ። በመንደራችሁ ወሳንሳው የሚቀመጠው በማን ቤት ነው? ገመዱና ሸራው ደህና ነው? በሌሊት ሰው የሚጠራው ማነው? እርሱ ሲያገለግል በዋለበት ቀን ማሳውን ማን አረመለት?