ዜማ የሌለበት ኮንሰርት እንዴት ይታደማል?

በርሊን ወይም ለንደን የሚኖር ሰው አንድ ቀን ጓደኛው «ቅዳሜ ማታ እጫወታለሁ፣ እንዳትቀር» ይለዋል። ሲሄድ መድረክ የለም። ምድር ቤት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ የተጠላለፈ ሽቦና ሃያ ወንበር ብቻ። ሙዚቃው ሲጀምር ደግሞ ያረጀ ፍሪጅ የሚያጉረመርም ይመስላል። ብዙ አዲስ ታዳሚ በአምስተኛው ደቂቃ ስልኩን ያወጣል።

እንዲህ ያለው ሙከራዊ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ግን የሚመስለውን ያህል ባዕድ አይደለም። ግብፃዊው ሃሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የሴቶችን የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ ድምፁን እየለዋወጠ ሥራ ሠርቶበታል። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፆችን ቀድቶ ዝነኛ ሥራውን ያወጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያው ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል።

የታዳሚው ዝግጅት ቀላል ነው፤ የጆሮ መድፈኛ ግን አይረሳም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች 85 ዴሲቤል ድምፅ ለስምንት ሰዓት ይቻላል ይላሉ፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ የሚቻለው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። አማተር ዘንድ አንድ ቁልፍ በስህተት ሲዞር ስፒከሩ በድንገት ሊጮህ ይችላል። በሰዓቱ መድረስም ያስፈልጋል፤ ቀስ ያለ ሥራ መሀል ሲጢጥ የሚል በር ሁሉም ጆሮ ይገባል።

ከዚያ ቦታ መምረጥ ነው። ከስፒከር ፊት ራቅ ብሎ፣ የተጫዋቹ እጅ ከሚታይበት ጎን መቀመጥ ይበጃል። አንዱ ሳንቲም የምታህል ማይክ ቆርቆሮ ላይ ለጥፎ በጥፍሩ ይቧጭራል፤ ጭረቷ በመሣሪያው አልፋ ነጎድጓድ ሆና ትወጣለች። እጁን ያላየ ሰው ግማሹን ያጣዋል።

ማዳመጡ ላይ ዜማ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ይልቅ አንድ ድምፅ መርጦ እስኪጠፋ መከተል ይሻላል። ሁለት የተቀራረቡ ድምፆች፣ ለምሳሌ 440 እና 442 ኸርዝ፣ አብረው ሲጮሁ በሴኮንድ ሁለቴ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ምት ይፈጥራሉ፤ ማንም ከበሮ አልመታም። ረጅም ድምፅ ሲዘልቅ ደግሞ ራስን ትንሽ ዘወር ማድረግ ይሞከር፤ የሚሰማው ድምፅ ይለወጣል። በገና የለመደ ጆሮ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ያ የበገና ንዝረት ከክሩ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣ ነው፤ እንከን ብሎ የሚያርመው የለም፣ ጣዕሙ እሱ ነው።

ጭብጨባው ላይ መቸኮል አያስፈልግም። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ እ.ኤ.አ. በ1952 የደረሰው ሥራ ተጫዋቹ ለ4 ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ አንድም ኖታ የማይመታበት ነበር፤ ዝምታም የሥራው አካል ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹ እጁን ከጠረጴዛው አንሥቶ ቀና ሲል አብቅቷል ማለት ነው። ያልጣመው ሰው በሁለት ተጫዋቾች መሀል ቢወጣ ነውር የለውም።

የደፈረ ግን ሲያበቃ ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል። «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ከማለት «ያ እንደ ዝናብ የሚንጠባጠበው ከየት መጣ?» ማለት ይሻላል፤ አብዛኞቹ በደስታ ያሳያሉ። መሣሪያውን መንካት ግን አይሆንም፤ ሽቦ እየተሰካ የሚሠራ ሲንተሳይዘር የተስተካከለበትን ድምፅ አያስቀምጥም፣ አንድ ቁልፍ ከዞረ የምሽቱ ድምፅ አይመለስም። በር ላይ የመዋጮ ሣጥን ካለ ደግሞ ሳይጥሉበት አይወጣም፤ እንዲህ ያለ ምሽት ስፖንሰር የለውም።