ፒዛውን ገልብጠው ይዩት

እንጀራ የሚያውቅ ሰው ፊቱን አይቶ ይፈርዳል። ዓይኑ ጥርት ብሎ ከወጣና ጠርዙ ካልደረቀ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። የፒዛ ፊት ግን አይታመንም፤ ቺዝና ሳልሳ የማይሸፍኑት ጉድ የለም። ስለዚህ የሰፈሩን ፒዛ ቤት መመዘን የፈለገ ሰው ከላይ ያለውን ጌጥ ለጊዜው ይተወውና አንዱን ቁራጭ አንስቶ ከሥሩ ይየው።

ሥሩ የዱቄት መልክ ይዞ ገርጥቶ ከቀረ ምድጃው በደንብ አልጋለም፣ ወይም ፒዛው ያለ ጊዜው ወጥቷል። ቡናማ ሆኖ እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ካለው በስሏል። ሲነኩት ጥላሸት የመሰለ ዱቄት እጅ ላይ ከቀረ ደግሞ ጥፋቱ የሊጡ አይደለም፤ ካለፈው ፒዛ የተራገፈው ዱቄት ሳይጠረግ ምድጃው ወለል ላይ አርሮ በአዲሱ ላይ ተለጥፏል። ቀጥሎ ቁራጩን ከጠርዙ ይዘው ከፍ ያድርጉት። ጫፉ ትንሽ ቢያዘነብል ችግር የለውም። እንደ እርጥብ ፎጣ ተዝለፍልፎ ላዩ ያለው ሁሉ ሳህኑ ላይ ከተንሸራተተ ግን ወይ ሳልሳው ውሃ በዝቶበታል፣ ወይ አትክልቱ ጥሬውን ተከምሮ ውሃውን እዚያው ለቋል፣ ወይም ፒዛው ከምድጃ ከወጣ ቆይቷል። ይህ የመጨረሻው ጥፋት የጋጋሪው ሳይሆን የመስተንግዶው ነው። ብዙ ሰው «ምግባቸው ጥሩ ነው፣ መስተንግዶው ነው እንጂ» ሲል ይሰማል። ክትፎ ቤት ላይ ይህ አባባል ሊያስኬድ ይችል ይሆናል፤ ፒዛ ላይ አያስኬድም። ለምን እንደማያስኬድ ለማየት ከሊጡ መጀመር አለብን።

ጤፍ ሲቦካ የሚፈጠረውን ጋዝ አምቆ የሚይዝ ነገር ሊጡ ውስጥ የለም። ምጣድ ላይ ሲሞቅ ወደ ላይ በስቶ ይወጣል፤ ዓይን የምንለው የመውጫው ቀዳዳ ነው። ስንዴ ግን ግሉተን አለው። ከውሃ ጋር ሲታሽ እንደ መረብ ተሳስሮ የእርሾውን ጋዝ አስሮ ያስቀምጠዋል። ሊጡ ኩፍ የሚለው፣ ሲጎትቱትም ሳይበጠስ የሚለጠጠው ለዚህ ነው። በእንጀራ ጋዙ ሲወጣ ደስ ይለናል፣ በፒዛ ሳይወጣ ሲቀር። የፒዛን ጠርዝ ቆርሰው ውስጡን ሲያዩት ትልልቅና ትንንሽ ዋሻ የተቀላቀለበት ከሆነ መረቡ በደንብ ተሠርቷል፤ ድፍን ያለ ቂጣ ከሆነ ወይ አልታሸም፣ ወይ በመዳመጫ ተደፍጥጦ ጋዙ ወጥቶበታል። ጥሩ ጋጋሪ ሊጡን በጣቱ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋ ይዘረጋዋል እንጂ መዳመጫ አያሳየውም።

ለአንድ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ከ600 እስከ 650 ግራም ውሃና ከ20 እስከ 30 ግራም ጨው ከገባ ብዙ ቤት ውስጥ የምናገኘው ሊጥ ይሆናል። (ፉርኖ ያልነው እኛ ዱቄቱን ነው፤ ለጣሊያኖቹ ምድጃው ነው። ሳልሳ፣ ፎርማጆ፣ ባንኮኒም ከእነሱ የቀሩ ቃላት ናቸው።) ቤቶቹን የሚለያያቸው እርሾውና ጊዜው ነው። የቸኮለ ቤት እርሾውን አብዝቶ ሊጡን በአንድ ሰዓት ያነሳዋል። የተጠነቀቀ ቤት እርሾውን ቆንጠር አድርጎ ብቻ ይጨምርና ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያቆየዋል። በዚያ ቀስ ያለ ጊዜ ውስጥ ከስታርቹ የተወሰነው ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ጠርዙ ሲበስል ቀይ ዳማ የሚሆነውና ሲያኝኩት ለስለስ ያለ ጣፋጭነት የሚሰጠው ከዚህ የተነሳ ነው። የቸኮለው ሊጥ እርሾ እርሾ ይሸታል፣ ቶሎም ይደርቃል። እንግዲህ ዛሬ ማታ የሚበሉት ፒዛ ጥራቱ ግማሽ በግማሽ የተወሰነው ትናንት ነው። ቅዳሜ ማታ ሰው ሲበዛበት ሊጡ አልቆ እንደገና በጥድፊያ ያቦካ ቤት፣ ከማክሰኞው የተለየ ፒዛ ይሸጥልዎታል፤ በአንድ ስም፣ በአንድ ዋጋ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የከፍታው ነገር አለ። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ውሃም እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ውስጥ ያለው ጋዝ በቀላሉ ይነፋል፣ ውሃውም ቶሎ ይተናል። ባህር ዳርቻ ላይ ያለችው የጣሊያኗ ኔፕልስ አሠራር እንዳለ ተገልብጦ እዚህ ሲሠራ ሊጡ ያለ ልክ ኩፍ ብሎ ይወርዳል፣ የበሰለውም ብስኩት ይሆናል። እርሾውን ቀንሶ ውሃውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ስልክ ላይ ከቪዲዮ የተማሩ ጎበዝ ልጆች «ሁሉንም በግራም መዝኜ ለምን እምቢ አለኝ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሚዛኑ አልዋሸም፤ አገሩ ነው የተለየው።

ምድጃውም እንደዚያው ነው። እውነተኛውን የኔፕልስ ፒዛ እንጠብቃለን ብሎ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የጣሊያን ማኅበር ደንቡ በጣም በጋለ ምድጃ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ብቻ ነው። የኔፕልስ ጋጋሪዎች ጥበብም እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። እኛ ሰፈር ያለው ግን ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ወይም የጋዝ ኦቨን ነው፤ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ቢደርስ ነው፣ ፒዛውም ስምንት፣ አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህ ነውር አይደለም። ሊጡ ላይ ትንሽ ዘይትና ስኳር ጨምሮ እንዳይደርቅና መልክ እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ጥሩ የሚሠሩትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ነውሩ ሌላ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ምድጃው በቅጡ ሳይግል «ደርሷል፣ ደርሷል» እያሉ ገርጣ ያለ ፒዛ ማቅረብ። እንዲህ ባለው ማታ ሐቀኛ አስተናጋጅ «ኦቨኑ እስኪግል ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ ይጠብቃሉ ወይስ ሌላ ነገር ላምጣ?» ይላል። ያን የሚል ቤት ሳገኝ ጠብቄ እበላለሁ።

አሁን ወደ መስተንግዶው። ሞዛሬላ ቀልጦ የሚለጠጠው ትኩስ እስከሆነ ድረስ ነው። ሲበርድ ስቡ ይረጋል፣ ፕሮቲኑ ይጠነክራል፣ የሚለጠጠው ነገር እንደ ላስቲክ ይሆናል። ከሥር በኩል ደግሞ ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት ጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን ሲያገኝ መውጫ አጥቶ ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ ደርቆ የነበረው ሥር ይርሳል። ሽቦ ወይም እንጨት ላይ ቢቀመጥ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ጋጋሪው ትናንት ጀምሮ የለፋበት ነገር በአምስት ደቂቃ የሚበላሽ ከሆነ፣ ከባንኮኒው እስከ ጠረጴዛው ያለችው የአስተናጋጁ እርምጃ የማብሰሉ የመጨረሻ ክፍል ናት ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ ዘጠኝ ዓመት ስለሞላት አንድ ፒዛ ቤት ወሰድኳት። ከተቀመጥንበት ባንኮኒው ይታያል። ፒዛችን ወጣ፤ እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ ተቀመጠ። አስተናጋጃችን አጠገባችን ካለው ጠረጴዛ ሂሳብ እየተቀበለ ነበር። ከፋዩ በሞባይል ልኬያለሁ ይላል፣ ኔትዎርኩ አልመጣም፣ ልጁ የስልኩን ስክሪን ፎቶ ለማንሳት ቆሞ ይጠብቃል። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ደቂቃ። ፒዛው ሲደርሰን እንፋሎት የለውም። ልጅቷ የመጀመሪያውን ቁራጭ ነክሳ ስትጎትት ቺዙ በሙሉ እንደ ጃኬት ወለቀና አገጯ ላይ ተንጠለጠለ። እሷ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ በርዷል» አልኩት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን አሙቄ አመጣልዎታለሁ» ብሎ አነሳው። ትሕትናው እውነተኛ ነበር። ያሞቀው ግን በማይክሮዌቭ ነው። ማይክሮዌቭ ሊጡ ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላዋል እንጂ ሥሩን አያደርቀውም፤ ስለዚህ ፒዛው መጀመሪያ እንደ ማስቲካ ይሳባል፣ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ድርቅ ይላል። ወደ ኦቨኑ ለሁለት ደቂቃ ቢመልሰው ኖሮ ይድን ነበር። ይህን የነገረው ሰው የለም። ብቻውን ዘጠኝ ጠረጴዛ ይዟል፤ ሂሳብ የሚቀበልም፣ ምግብ የሚያነሳም እሱ ነው። ተናድጄ የገባሁበትን ሐሳብ ያስለወጠኝ ያ ነው፤ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን ሥራውን ያደላደለው ሰው ነበር። እኛ መስተንግዶ ስንል «ምን ልታዘዝ?» ሲባል ያለውን ለዛና ፈገግታ እንመዝናለን። ለቡና ይበቃ ይሆናል። ለፒዛ የሚያስፈልገው ከምድጃ ሲወጣ ነፃ የሆነ እጅ ነው።

ከፍጥነቱ ሌላ አስተናጋጁ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ፒዛ ያዘዘ ሰው ቺዝ አለመኖሩን ያያል፤ ሊጡ ውስጥ ወተት ወይም ቅቤ መግባቱን ግን አያይም። ሲጠየቅ «የለውም፣ የለውም» ብሎ የሚያልፍና «ጠይቄ ልምጣ» ብሎ ወደ ውስጥ የሚገባ አስተናጋጅ አንድ አይደሉም። ከመሥሪያ ቤት ክርስቲያንም ሙስሊምም ሆነው አብረው የሚመጡ ባልደረቦችም አሉ። ሥጋው እንደማያገናኛቸው ስለሚያውቁ ቱና ወይም አትክልት ያዛሉ፤ አንድ ትሪ ከበው የሚበሉበት ምግብ ነውና ፒዛ ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ገበታ የሥጋ ፒዛ የቆረጠውን መቁረጫ ሳያጥብ የሚያመጣ ቤት ነገሩ አልገባውም።

ስለ መጠኑም አንድ ሒሳብ ልንገራችሁ፤ አስተናጋጅ ቢነግራችሁ ደግ ነበር፣ ግን ሲነግር አይቼ አላውቅም። ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ፒዛ ስፋቱ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ የ30ው ግን 707። በዓይን ሲታይ ግማሽ ያህል የጨመረ ይመስላል፤ ስፋቱ ግን የትንሹ ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው። ሁለት ትንንሽ ከአንድ ትልቅ ያንሳሉ። ትንሹ 400 ብር ቢሆን ትልቁ እስከ 900 ድረስ አያከስርም። ጠርዙ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደግሞ ከትንሹ ፒዛ ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ባዶ ሊጥ ነው፣ ከትልቁ ግን ሩቡ። ዋጋውን ስታሰሉ ሜኑው ግርጌ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አትርሱ፤ የ10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ከተደመረ ሂሳቡ ከሩብ በላይ ያድጋል።

ለቤት የሚወሰደው ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ካርቶኑ ደግሞ ከሳህኑ የባሰ ነው፤ እንፋሎቱን ዘግቶ ይይዘዋል። ዴሊቨሪ የሚያመጣው ልጅ ዝናብ ውስጥ ሞተሩን ቢያበርር እንኳ ፒዛው ራሱን በራሱ እየቀቀለ ነው የሚመጣው። ካርቶኑ ጎን ላይ ቀዳዳ ከሌለው ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ያዙት። የልደቱ ማታ የተረፈውንም እንዲሁ ይዘነው ሄድን። በማግስቱ ጠዋት እህቴ የብረት መጥበሻ ያለ ዘይት አግላ ቁራጮቹን ደረደረችበት፤ ሥሩ መንጫጫት ሲጀምር ዳር ላይ አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጋ ከደነችው። ውሃው ተንኖ ከላይ ያለውን ቺዝ አቀለጠው፣ ሥሩን ደግሞ ብረቱ አደረቀው። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ልጅቷ ቁራጩን አንስታ ስትጎትት ቺዙ ክር ሆኖ ተዘረጋ፤ «ትናንት ለምን እንዲህ አልሆነም?» አለች፣ አፏ እንደሞላ።