ክሩ ለምን ይበጠሳል?

በደብረ ታቦር ገበያ ከልብስ ሰፊዎች ደጃፍ ቆም ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ክር ሲበጠስ የሰፊው እጅ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ክር ማጥበቂያው ነው። ላላ ያደርግና ይቀጥላል። በርግጥ ማጥበቂያው ጥፋት ያለበት ጊዜ አለ፤ የጎበጠ ወይም የዛገ መርፌም ክር ይቆርጣል። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ክሩ እምቢ ካለ ግን የክሩን ቅባት ማየት ነው።

«ክር ደግሞ ቅባት አለው እንዴ?» የሚል ዕጩ መምህር አይጠፋም። አለው እንጂ! ፋብሪካ የመስፊያ ክርን ጠቅልሎ ከማውጣቱ በፊት ሰም ወይም ሲሊኮን በስሱ ይቀባዋል። ምክንያቱን ለመረዳት የክሩን መንገድ እንከተል። መርፌው በወረደ ቁጥር ክሩ በመርፌው ዓይን ወደ ታች ይሳባል፤ ወዲያው ተመልሶ ወደ ላይ ይጎተታል። በአንድ ስፌት ጨርቁ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ያው አንዱ የክር ቦታ ጨርቁ ውስጥ እስኪቀመጥ ድረስ በአሥሮች የሚቆጠር ምልልስ ያደርጋል። ጥጥ የአጫጭር ጭረቶች ግምድ መሆኑን እናቶቻችን በእንዝርት ሲፈትሉ አይተናል። ቅባት ከሌለ ፍትጊያው ጭረቱን እየነቀለ ክሩን ያሳሳዋል። የተበጠሰው ይቀጠላል፤ የባሰው ሳስቶ ሳይበጠስ ጨርቁ ውስጥ የገባው ነው። የተማሪው ዩኒፎርም ብብቱ ላይ የሚተረተረው በዚህ ዓይነት ክር ሊሆን ይችላል።

ዛሬ በገበያ ከሚገኙት ክሮች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ፖሊስተር፣ ላያቸው ጥጥ ነው። ፖሊስተሩ ጥንካሬ ይሰጣል፤ ግን በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ጥጡ አይቀልጥም፤ ውስጡን ከመርፌው ግለት ይከልላል። በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ስፌት በሚሰፋ የፋብሪካ መኪና መርፌው ከዚህም በላይ ሊግል ስለሚችል ቅባቱ ግለቱን ይቀንሳል። የእኛ የእግር መኪና እዚያ አይደርስም፤ የእኛ ጠላት ፍትጊያው ብቻ ነው።

ታዲያ ሰም እንለቅልቀው? የለም! በእጅ ለሚሰፋ ክር የማር ሰም ጥሩ ነው፤ ጭረቱን ያስተኛል፣ ክሩም አይተበተብም። በመኪና ግን ሰሙ ማጥበቂያው ውስጥ ይጠራቀማል። ከበዛማ ክሩ ጧፍ ሆነ ማለት ነው። ቅባቱ ሲበዛም ክሩ ከማጥበቂያው ይንሸራተትና ስፌቱ ይላላል። የመኪና ዘይት ክር ላይ ማንጠባጠብ ደግሞ ነጭ ጨርቅ ያበላሻል።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ እነሆ። ከአንድ ጥቅልል ሁለት ክር እንቁረጥ። አንዱን በፈላ ውኃና በሳሙና አጥበን፣ ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቀን እናድርቀው። ሁለቱንም በየተራ እርሳስ ላይ አሻግረን በአንዱ ጫፍ 10 ጠጠር የያዘች ከረጢት፣ በሌላውም 10 ጠጠር የያዘች ከረጢት እንስቀል። በአንዷ ክሩ እስኪንሸራተት ጠጠር እየጨመርን እንቁጠር። ቅባቱ የለቀቀው ክር ብዙ ጠጠር ይጠይቃል። ሰም የተቀባው ምን እንደሚያደርግ ሠልጣኞች ራሳቸው ቢደርሱበት ይሻላል።

ክሩንም መስኮት ላይ አናስቀምጥ። ፀሐይ ያደክመዋል፤ ጥጥ ደግሞ ርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል እንጂ ሲደርቅ ይሰባበራል። በጉና በጋ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይበቃዋል።