የቆዩ የከተማ ቤቶችን ከተማሪዎቻችን ጋር እንመርምር

የታሪክ ትምህርት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ነው። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ተማሪው በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፈው አሮጌ ቤትም ታሪክ አለው። በዚህ እትማችን ከአዲስ አበባ የቆዩ መኖሪያ ቤቶችና ከአንድ ሆቴል ተነሥተን የቤቶቹን አሠራር እንመለከታለን።

ሀ. ከጎጆ ወደ ፎቅ
አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አብዛኛው ቤት ክብ፣ ክዳኑም ሣር ነበር። እንጨት ይተከላል፤ ማገር ይታሰራል፤ ከዚያ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ቆይቶ ሁለት ነገሮች መጡ፤ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ። ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት በቅርብ አስገኘ። ቆርቆሮ ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ስለሆነ ለክብ ጣሪያ አይመችም፤ ብዙው ተቆራርጦ ይባክናል። ስለዚህ ቤቱም አራት ማዕዘን እየያዘ ሄደ። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ቆርቆሮና መስታወት ማስመጣት ይበልጥ ቀለለ። እንግዲህ የቤት ቅርጽ የሚለወጠው በባለቤቱ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን በሚሠራበት ዕቃም ጭምር ነው ማለት ነው።

ለ. የፎቅ ቤቶቹ መልክ
በዚያ ዘመን የአገሬው አናጢና ግንበኛ ከሕንድና ከአርመን ባለሙያዎች ጋር ሠርቷል። ከአርመኖቹ አንዱ ሚናስ ኸርበኪያን ነው። ከሥራቸው የተገኙት ቤቶች ብዙ ጊዜ ምድር ቤታቸው ድንጋይ፣ ፎቃቸው እንጨትና ጭቃ ነው። በጣሪያው ጠርዝ ላይ የተፈለፈለ ሳንቃ ይታያል፤ ፊት ለፊቱን ወይም ዙሪያውን በረንዳ ይይዘዋል።

ታዲያ በረንዳው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስለን! አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ጠላቱ ውኃ ነው። በረንዳውና ሰፊው ክዳን ግድግዳውን ይጋርዱታል። ቆይቶ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለእንግዳ የተከፈተው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም የዚሁ ዘመን ሥራ ነው። የእንጨት ደረጃውና ወለሉ፣ ከፍ ያለው ጣሪያውና ትልልቅ መስኮቶቹ ከመኳንንቱ ቤቶች ጋር ያዛምዱታል። ልዩነቱ ከአገልግሎቱ ላይ ነው፤ የመኳንንቱ ቤት ለቤተሰቡና ለአሽከሩ፣ ሆቴሉ ግን ከፍሎ ለሚያድር ለማንኛውም መንገደኛ ነው።

ሐ. ምን ይጎዳቸዋል?
አንደኛ እሳት። ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ተቃጥሎ ጉዳት ደረሰበት፤ በግቢው የነበረው የጃዝአምባ የሙዚቃ ቤትም ወደመ። ሁለተኛ ዝናብ፤ አንድ ቆርቆሮ ዝጎ ሲበሳ ከሥሩ ያለው ጭቃ መሟሟት ይጀምራል። ሦስተኛ የተሳሳተ ጥገና ነው። የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣና እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል እኮ! አራተኛው መፍረስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ፒያሳና አካባቢው ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል። ከተማ መታደሱ አይቀርም፤ ሳይለካ፣ ሳይነሣና ሳይጻፍ የፈረሰ ቤት ግን ለተማሪ የሚቀርብበት መንገድ የለም።

መ. ለክፍል ሥራ
እስቲ በየምንመደብበት ከተማ ተማሪዎችን በቡድን ከፍለን አንድ የቆየ ቤት እናስመርምር።
1. ግድግዳው፣ ክዳኑና ወለሉ ከምን ተሠራ? ዕቃው ከየት መጣ?
2. ዝናብን የሚከላከለው በምንድን ነው?
3. ማን ሠራው? ማን ኖረበት? የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይጠየቁ።
4. የቤቱ ፊት በእርምጃ ተለክቶ ይሣል።

ሥዕሉና ጽሑፉ ቀንና የሠፈር ስም ተጽፎበት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ቤቱን ማትረፍ ባንችል እንኳ ዕውቀቱን ለማትረፍ እርሳስና ደብተር ይበቃናል።