ማየት፣ መተርጐምና መልመድ

ሥነ ልቡና ወይም ሳይኮሎጂ የሰውን አሳብ፣ ስሜትና ጠባይ የሚመረምር ትምህርት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. ዊልሄልም ቩንት የተባለው ሊቅ በጀርመን አገር በላይፕሲክ ከተማ ቤተ ሙከራ ካቋቋመ ወዲህ ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኖ ይቈጠራል። ከመጀመሪያ ትምህርቶቹም ሦስቱ ማየት፣ መተርጐምና መልመድ ናቸው።

ምሳሌውን ከወላይታ እንውሰድ። በዲምቱ ገበያ የዝሆኔ ሕመምተኛ ቢያልፍ ዓይን የሚያየው የእግሩን እብጠት ብቻ ነው፤ ይህ ማየት ነው። ልብ ግን በዚህ አያርፍም፤ ምክንያት ፈልጎ «ይጋባል» ወይም «የዘር ርግማን ነው» ይላል። ይህ መተርጐም ነው። ዓይን ሳይሳሳት ትርጓሜ ይሳሳታል። ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው መታመሙ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በወላይታ በብዛት የሚታየው ዝሆኔ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዘመን በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ቤተ ሰቡ የሚረግጠው አፈር አንድ ነው፤ በቀላሉ የመታመም ዝንባሌም በዘር ይወረሳል። ሕመሙ ራሱ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ሦስተኛው መልመድ ነው። ሕፃን እናቱ ከሕመምተኛው ፈቀቅ ስትል ቢያይ መሸሽን ይማራል፤ ሲደጋገምም ልማድ ይሆንበታል። ሕመምተኛውም ሰው ሲሸሸው አፍሮ ይደበቃል፤ ከማኅበርና ከጸሎት ይቀራል። ጎረቤቱ ደግሞ መደበቁን አይቶ «ያለ ነገር አልተደበቀም» እያለ የፊተኛውን ፍርድ ያጸናል።

እንግዲህ ካህናትና ምእመናን ሆይ፣ እግሩን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ሕመሙን ያቀላል፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግም ይከላከለዋል። ክፉው ልማድ ግን በተማሩበት መንገድ፣ በማየት ይለወጣል። ካህኑ ቀርቦ መስቀል ሲያሳልመው፣ በማኅበርም ከጎኑ ሲያስቀምጠው ያየ ሕፃን መቅረብን ይማራል። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት የማን ኃጢአት እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ ጌታችን ፍርዳቸውን እንዳልተቀበለ እናስታውስ። ስለዚህ እያንዳንዳችን «ያየሁት ምንድር ነው? የጨመርሁበትስ?» ብለን ልባችንን እንመርምር፤ በደብራችንም ከእፍረት የተነሣ የቀረ ሕመምተኛ ቢኖር ሄደን እንጥራው።